የእሾሃሙ ሱፍ አበባ፦ ይለቀም ወይስ ይርገፍ?

ክርክሩን የቀሰቀሰው ሳፍሮን የሚባለው ውድ ቅመም ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ ሳፍሮን ለማግኘት 150 ሺህ ገደማ አበባ ይለቀማል። የሚፈለጉት ሦስቱ ቀያይ ክሮች ብቻ ናቸው፤ ሐምራዊው መልካበባ (የአበባው ቅጠል) ይጣላል። በኢራንና በስፔን ከዚህ ውዳቂ ኬምፕፌሮልንና አንቶሲያኒንን የመሰሉ የአበባ ውህዶችን ማውጣት ተጠንቷል። ጎጃም ውስጥ በማሳ ዳር የሚዘራው እሾሃሙ ሱፍ (የፈረንጅ ሱፍ አይደለም) አበባስ ቀለሙ እንዲወጣለት ይለቀም?

ደጋፊ፦ ሳፍሮን ራሱ ይምጣ አልልም። ሥሩ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደረቅ መሬት ውስጥ መተኛት ይፈልጋል፤ የእኛ ክረምት ያበሰብሰዋል። ሱፍ ግን ደጃችን አለ፤ የምንፈልገው ፍሬውን ብቻ ስለሆነ አበባው ይረግፋል። በውስጡ ሁለት ቀለም አለ፦ ቢጫው በውሃ ይሟሟል፣ ካርታሚን የሚባለው ቀዩ በአልካሊ (እንደ አመድ ውሃ ባለ የአሲድ ተቃራኒ) ካልሆነ አይወጣም።

የሚለቀመው አበባው ከቢጫ ወደ ብርቱካናማ ዞሮ መጠውለግ ሲጀምር ነው። ያኔ ፍሬው ስለያዘ ምርት አይጎዳም። ጊዜውም ማለዳ፣ ጤዛው ሳይደርቅና እሾሁ ለስለስ ብሎ ሳለ። ከዚያ ጥላ ውስጥ በስሱ ተዘርግቶ ይደርቃል።

አንድ ኪሎ ደረቅ መልካበባ በሻሽ ከረጢት ቋጥሮ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ማሸት፤ ውሃው ቢጫ ማውጣቱን እስኪያቆም እየቀያየሩ። እዚህ ላይ የቸኮለ በመጨረሻ የሚያገኘው ቀይ ሳይሆን ብርቱካናማ ነው። የእንጨት አመድ ውሃ ውስጥ አሳድሮ በማጥለል የአመድ ውሃ ይዘጋጃል፤ የፒኤች (የአሲድና የአልካሊ መጠን) መለኪያ ወረቀቱ ከ10 እስከ 11 ማሳየት አለበት። ከረጢቱን በዚህ አንድ ሰዓት ያህል መዘፍዘፍ ይበቃል፤ ካርታሚን አልካሊ ውስጥ ከቆየ ይበላሻልና አይደር። ከዚያ የተጠለለው ውሃ ውስጥ ባዘቶ ነክሮ ፒኤቹ ወደ 6 እስኪወርድ የሎሚ ጭማቂ ጠብ ጠብ ማድረግ። አረፋ ስለሚገነፍል የዕቃው ግማሽ ባዶ ይሁን። ቀዩ ባዘቶው ላይ ይጣበቃል፣ የተረፈው ቢጫ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ባዘቶው ታጥቦ በጥቂት አዲስ የአመድ ውሃ ሲነከር ንጹሑን ቀይ ይለቃል፤ እንደገና ሎሚ ሲጨመርበት ቀዩ ይዘቅጣል። የብረት ዕቃ ቀለሙን ያደበዝዛል፤ እሳት ደግሞ በየትኛውም ደረጃ አይቅረበው።

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ አሠራሩ ልክ ነው፤ ሒሳቡን ግን ዘለውታል። ካርታሚን ከደረቅ መልካበባ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ከዚያ ሁሉ እጥበት የሚተርፈው ጥቂት ግራም ነው። ጤፍ ዳር የተዘራ ሱፍ ሲያብብ ጤፉም ለአጨዳ ይቃረባል፤ በዚያ ሰሞን ማን እጁን እያስወጋ መልካበባ ይለቅማል? ቀለሙን ለጥለት ካዋሉት ደግሞ የልብስ ሳሙና ራሱ አልካሊ ነው። በአመድ ውሃ ያወጡትን ቀይ ሳሙናው መልሶ ያወጣዋል። የቀረውን ፀሐይ ትጨርሰዋለች።

ደጋፊ፦ እኅቴ፣ የሚታጠብ ልብስ ላይ ይዋል አላልኩም። ደግሞም ብዙው ቢጫው ነው። በጃፓን ለምግብ ማቅለሚያ ይውላል፤ የመጀመሪያውን እጥበት አድርቆ ዱቄት ማድረግ ይቻላል።

ተቃዋሚ፦ በምን ያደርቁታል? ባልዲ ሙሉ የአበባ ውሃ በጥላ ሳይደርቅ ይኮመጥጣል።

ደጋፊ፦ ባልዲ ሙሉ ከሆነ አዎ። ለምግብ የሚሆነው የመጀመሪያው ወፍራም ውሃ ብቻ ነው፤ በሰፊ ትሪ ላይ በስሱ ፈስሶ ለብ ባለ አየር ይደርቃል።

ተቃዋሚ፦ እሺ ደረቀ እንበል። ማሳው ላይ የአፊድ (ተክል መጣጭ ተባይ) ማጥፊያ ከተረጨ ኬሚካሉ አብሮ ዱቄት ይሆናል። ከዚህ የባሰው ግን «መድኃኒት ነው» የሚለው ወሬ ነው። በቻይና ባህላዊ ሕክምና የሱፍ አበባ የወር አበባን ለማምጣት ይሰጣል፤ ስለዚህ ነፍሰ ጡር መጠጣት የለባትም። ዋርፋሪንን የመሰለ የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰውም ለመድማት ይጋለጣል። ነጋዴው ደግሞ ሳፍሮን ብሎ ይሸጠዋል! እውነተኛው የሳፍሮን ክር ጫፉ እንደ መለከት የሰፋ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቢጫውን ቀስ ብሎ ይለቃል፣ ክሩም ቀይ እንደሆነ ይቆያል። የሱፉ ጫፍ አምስት ቦታ የተሰነጠቀ ቀጭን ቱቦ ነው።

ደጋፊ፦ መድኃኒት ተብሎ አይሸጥ፣ በዚህ እስማማለሁ። የእኔ ሐሳብ ለስፌት ነው። መሶብና ሌማት በሳሙና አይዘፈዘፍም፣ ቤት ውስጥ ስለሚውልም ፀሐይ ብዙ አያገኘውም።

ተቃዋሚ፦ አክርማ እኮ ላዩ ሰም አለው! ቀለም የሚገባው ተቀቅሎ ነው፤ እርስዎ ደግሞ እሳት አይቅረበው ብለዋል።

ደጋፊ፦ አክርማው ብቻውን በአመድ ውሃ ይቀቀላል፣ ሰሙ ይለቃል። ታጥቦ ፍጹም ሲበርድ ካርታሚኑን በያዘው የአመድ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ሎሚው የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ተቃዋሚ፦ አልካሊው ከአክርማው በደንብ ካልታጠበ ሎሚው ሁሉ እሱን ለማርከስ ያልቃል፤ ቀዩም ውሃው ውስጥ ይቀራል። የተቀቀለ አክርማ ደግሞ ጥንካሬው ይቀንሳል፤ ሰፊዋ ስትጎትተው ከተበጠሰ ቀለሙ ምን ያደርግላታል? መጀመሪያ አንድ እፍኝ ቀቅለው ይጎትቱት፤ ከቻለው ግማሹን መስኮት ላይ፣ ግማሹን ሣጥን ውስጥ ያኑሩና ቀለማቸውን ያስተያዩ።