ወንድሙ ከአሜሪካ የሚመጣለት አከራይ

የኢትዮጵያውያን እንግዳ ተቀባይነት ጠፋ እያለ የሚያማርር ሰው ካጋጠማችሁ፣ ክርክር ውስጥ አትግቡ። ገርጂ ወይም ሲኤምሲ ወዳለ አንድ ኮንዶሚኒየም ይዛችሁት ሂዱና ደረጃው ሥር አቁሙት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሊፍት የሌለውን አራት ፎቅ ሻንጣው እየተንገጫገጨ ሲወጣ ይሰማል። ጥበቃው ከካፖርቱ ኪስ የቤት ቁጥር በፕላስተር የተለጠፈባቸውን ቁልፎች አውጥቶ በባትሪ ብርሃን እየመረጠ ሲያስረክብ ያያል። ከዚህ በላይ አብርሃማዊ አቀባበል ከየት ይምጣ?

አባቶቻችን እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይሉ ነበር። ኮንዶሚኒየሙን ለመንገደኛ በሌሊት ሒሳብ የሚያከራየው የዘመኑ አከራያችን ይህን እንከን አርሞታል፤ እንግዳው መዳብ ሳይሆን ይወጣል፣ በማግስቱ ሌላ ወርቅ ይገባል። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ መመንዘር ሲጀምርማ፣ በዶላር የሚከፍለው ወርቅ ይበልጥ ደመቀ።

ሕግ አክባሪነቱንም አለማድነቅ ንፉግነት ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። አከራያችን አዋጁን አልጣሰም፤ ተከራይ የሚባለውን ፍጡር ከቤቱ አወጣ እንጂ። ሁለት ልጆች የነበሯትን አስተማሪ «ወንድሜ ከአሜሪካ ሊመጣ ነው» ብሎ በትሕትና ሸኛት። ደግሞም አልዋሸም። ወንድሙ መጣ። በሦስተኛው ቀን ሌላ ወንድም መጣ፤ ከዚያ ከሚስቱ ጋር አንድ ጀርመናዊ ወንድም፣ ለጥምቀት ደግሞ ስድስት ወንድሞች በአንድ ጊዜ። እንዲህ ያለ የተባረከ ማህፀን በሰፈሩ ታይቶ አያውቅም። አስተማሪዋ አሁን ከትምህርት ቤቷ ሁለት ታክሲ በሚያስይዝ ቦታ ትኖራለች፤ ከተማዋን ለማወቅ ጥሩ አጋጣሚ ሆኖላታል።

ጎረቤቱም ተጠቃሚ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሕንፃ፣ እንግዶች ጠዋትና ማታ ሻወር ሲወስዱ የጋራው ሮቶ ባዶ ይሆናል፤ የቀረነው የቁጠባን ባህል እናዳብራለን። ባለፈው ከሦስተኛ ፎቅ አንዲት እናት አርፈው ግቢው ውስጥ የዕድር ድንኳን ሲተከል፣ ከበላያቸው ያረፉት ፈረንጆች ሰርግ መስሏቸው እየሳቁ ፎቶ አነሱን። ንፍሮም ቀመሱ፤ ወደዱት።

ሌላው ዓለም ግን ጨካኝ ነው። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2023 ጀምሮ፣ ከ30 ቀን ላነሰ ጊዜ ማከራየት የፈለገ ሰው ይመዝገብ፣ ከእንግዳው ጋር እዚያው ይኑር፣ ከሁለት እንግዳ በላይም አያሳድር ትላለች። ባለቤት ከእንግዳው ጋር ይደር! የእኛ አከራይ የሚኖርበት የአያቱ ቪላ ምን ሊሆን ነው? ባርሴሎናማ ከዚህም ብሳ፣ 10,101 የቱሪስት አፓርታማ ፈቃዶችን እ.ኤ.አ. በ2028 ጊዜያቸው ሲያበቃ ላላድስ ነው ብላለች፤ ለነዋሪ ቤት ጠፋ ብላ! ነዋሪ የትም አይጠፋም፣ ለአንድ ክፍል እንኳ ስድስት ይሰለፋል። እኛ ጥበበኞቹ ቤት ለሌለው ተብሎ በዕጣ የታደለውን ኮንዶሚኒየም፣ ቨርጂኒያ ቤት ላለው ሰው በሌሊት ሒሳብ እናቀርባለን።

ባለፈው እሑድ የሕንፃው ማኅበር ስለ ውሃ ፓምፑ ሊወያይ ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ምልዓተ ጉባኤ እንዲሟላ በየቤቱ ስናንኳኳ የሚከፍትልን ሁሉ በእንግሊዝኛ ይቅርታ ይጠይቀናል። አንዱ ብቻ ነጠላ ጫማውን አጥልቆ ወረደና እስከ መጨረሻው በጥሞና ተቀመጠ፣ እጅ ሲወጣም አብሮን አወጣ። ወዲያው ሊቀመንበር እንዲሆን በሙሉ ድምፅ መረጥነው። ችግሩ በረራው ማታ ነበር።