ከኪኒኑ ጎን የተቀመጠው ጣሳ

ታኅሣሥ ላይ አክስቴን ልጠይቅ ደብረ ብርሃን ወጣሁ። የከተማዋን ብርድ የቀመሰ ያውቀዋል። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በዚያ ወር ጠዋት ስትነሳ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ታገኘዋለህ። አክስቴ ጋቢያቸውን ደርበው ቡና አፈሉ። ሰዓቱ ከምሽቱ 12 አልፏል። ቶናው ሲቀዳ ከቁም ሳጥኑ አንዲት ጣሳ አወጡና ግማሽ ማንኪያ ቡናማ ዱቄት ሲኒያቸው ውስጥ አማሰሉ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኳቸው።

«የእንቅልፍ ነው ልጄ። ለጭንቀትም ይሆናል፣ በሽታም ይከላከላል ብለውኛል።»

ቀመስኩት። እንደ ኮሶ ይመራል። ጣሳው ላይ «ጋኖደርማ» ይላል። ቻይናዎች ሊንጅ፣ ጃፓኖች ሬሺ የሚሉት፣ እንጨት ላይ የሚበቅል እንጉዳይ ነው። እኛ አገር የጅብ ጥላ ብለን የምናልፈው ዘመድ መሆኑን ስነግራቸው ደነገጡ።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ከጣሳው ጎን የደም ግፊት ኪኒናቸው ሳይነካ ተቀምጧል። ለምን እንደተዉት ጠየቅኳቸው። «ሁለቱ እንዳይጋጩብኝ ብዬ» አሉኝ።

ይህ መልስ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። አክስቴ ሞኝ አይደሉም። መድኃኒትና ዱቄት ሊጋጩ እንደሚችሉ ገብቷቸዋል። ሬሺ ራሱ ግፊት ሊያወርድ ስለሚችል ከግፊት መድኃኒት ጋር ሲደረብ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ግን የተዉት መተው የሌለበትን ነው። የግፊት ኪኒን በድንገት ሲቋረጥ ስትሮክ ሊመጣ ይችላል።

እንጉዳዩ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በውስጡ ቤታ ግሉካን የሚባል ነገር አለ። ላቦራቶሪ ውስጥ የመከላከያ ሴሎችን ሲያነቃቃ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ቻይና ውስጥ ድካም የበረታባቸው 132 ሰዎች ላይ ለ8 ሳምንት ተሞክሮ ከእንጉዳዩ የተጨመቀውን የወሰዱት የተሻለ ተሰምቷቸዋል። የእንቅልፉ ማስረጃ ግን በአብዛኛው ከአይጥ የመጣ ነው። ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 በ398 ሰዎች ላይ የተሠሩ 5 ጥናቶችን አይቶ፣ ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸውን ሰዎች ለልብና ለደም ሥር በሽታ የሚያጋልጡ ነገሮችን ለማከም የሚያስመክር ነገር አላገኘም። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ለምሳሌ የልብ ቫልቭ የተቀየረለት፣ ደም መፍሰስ ሊብስበት ስለሚችል ሐኪሙን ሳያማክር ባይነካው ይሻላል። ጉበት የተጎዳባቸው ሰዎችም በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል።

ዱቄቱን የሸጠችላቸው የዕድር ጓደኛቸው ናት። ክፉ ሴት አይደለችም። ራሷም ትጠጣዋለች፣ ኑሮም ከብዷታል። እኔ የምጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመሸጧ በፊት «ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ብትል። ይህን ጥያቄ ከጤና ባለሙያዎቻችንም እፈልጋለሁ። አክስቴ በየወሩ ለክትትል ሲሄዱ ግፊታቸው ይለካል፣ ኪኒን ይሰጣቸዋል። «ሌላ የሚጠጡት ነገር አለ?» ያላቸው ሰው ግን የለም። ጦስኝ፣ ጤና አዳም፣ ዱቄት ሳይጠጣ የሚውል ቤት እኛ ዘንድ ስንት አለ?

ደግሞስ እንቅልፍ ያጡት ለምንድን ነው? ልጃቸው ሾፌር ነው። ጣርማበርን ወርዶ ወደ ሸዋሮቢት ይመላለሳል። ያ መንገድ ባለፉት ዓመታት ምን እንዳሳለፈ ሰሜን ሸዋ ላለ ሰው አይነገርም። ስልኩ አልሠራ ያለ ሌሊት አክስቴ ተቀምጠው ያነጋሉ። ያን ጭንቀት የትኛው ዱቄት ያወርደዋል? በዚያ ላይ ዱቄቱ የሚጠጣው በቶና ነው፣ በምሽት።

በማግሥቱ ጣሳውንም ኪኒኑንም በፌስታል ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ ደርድራ አየች። አልተቆጣችም። ግፊታቸውን ለካችና ኪኒኑን ዛሬውኑ እንዲጀምሩ፣ ዱቄቱን እንዲያቆዩት፣ ቡናውን ወደ ጠዋት እንዲያመጡት ነገረቻቸው። ቡናው ላይ ትንሽ ተከራከሩ። የማታው ቡና የጎረቤት ጨዋታ ነዋ።

አሁንም አንዳንድ ሌሊት እንቅልፍ ይጠፋቸዋል። ልጃቸው ግን ደብረ ሲና ሲገባ አንዴ፣ ሸዋሮቢት ሲደርስ አንዴ ይደውላል።