ታክስ ብቻ አይጨመርብን!

ባለፈው እሁድ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ክርስትና ተጠርቼ ዶሮው ሳይቀርብ አንዱ ጀመረ። "መንግስት ለሁሉም ሰው ህክምና ይክፈል የሚሉት ሲንግል ፔየር ከመጣ በታክስ አለቅን፣ ደርግን ሸሽተን መጥተን እዚህም ደርግ?" ታውቁታላችሁ። እንደ ድፎ ዳቦው ከየክርስትናው አይቀርም።

እኔ ግን አደንቀዋለሁ፣ ለሂሳብ ችሎታው። መንግስት ሲቆርጥበት "ተዘረፍኩ"፣ ኢንሹራንስ ሲቆርጥበት "ቤነፊት አለኝ"። በ2024 በመስሪያ ቤት በኩል የሚገባ የቤተሰብ ኢንሹራንስ በአማካይ 25,572 ዶላር ነበር በዓመት፣ አብዛኛውን አሰሪው ይከፍላል፣ አሰሪ መቼም ደግ አጎት ነው ከኛ ደሞዝ ላይ አይቀንሰውም አይደል? የሴናተር በርኒ ሳንደርስ የሲንግል ፔየር እቅድ በ10 ዓመት የፌደራል ወጪን 32.6 ትሪሊዮን ዶላር ይጨምራል ያለውን የ2018 ጥናት እንደ ዳዊት ይደግመዋል። እዛው ጥናት ላይ፣ ሆስፒታሉም ሐኪሙም በሜዲኬር (የአዛውንቶች የመንግስት ኢንሹራንስ) ዋጋ ከሰሩ የአገሪቱ ጠቅላላ የጤና ወጪ 2 ትሪሊዮን ገደማ ይቀንሳል የሚለው ጋ ሲደርስ ግን መነጽሩን ቤት ረስቷል። (አጥኚው ራሱ በዛ ዋጋ መሰራቱን ይጠራጠራል፣ እሺ እንከራከር፣ ግማሹን ገጽ ቀዶ ግን ክርክር የለም።)

የኔ ምርጥ የዚሁ ሰውዬ የኩላሊት ጠጠር ታሪክ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት አመመው፣ ሚስቱ 911 ልትደውል ስልኩን ነጠቃት፣ የ2022ቱ ድንገተኛ ቢል ከልካይ ህግ እንኳን የመንገድ አምቡላንስን እንደዘለለው ያውቃላ፣ ኡበር የሚነዳ ጓደኛው ጋ ደወለ፣ ጓደኛው ደለስ ኤርፖርት ተራ ይዟል፣ "ተራዬን ላጣ ነው?"፣ ተደራደሩ፣ እስኪመጣ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ኢንሹራንሱን የትኛው ሆስፒታል ኔትወርክ ውስጥ (ከነሱ ጋር የተዋዋለ) እንደሆነ ሊጠይቅ ደወለ፣ ለእንግሊዝኛ 1ን ይጫኑ፣ ሙዚቃ፣ እሱ ያቃስታል ሙዚቃው ይቀጥላል፣ ሚስቱ እስካሁን ወጥ ስትሰራ ታንጎራጉረዋለች፣ ብቻ ደረሱ ታከመ፣ ከ3 ሳምንት በኋላ "ይህ ቢል አይደለም" የሚል ፖስታ፣ ቢል ያልሆነው ነገር 5 ገጽ፣ ቀጥሎ ቢሉ፣ ቀጥሎ የላቦራቶሪው ቢል፣ ቀጥሎ ዲዳክቲብልህ (ኢንሹራንሱ መክፈል ሳይጀምር በዓመት ከኪስህ የምትከፍለው) አልሞላም፣ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ጃንዋሪ ገባና እንደ ታክሲ ሚተር ከዜሮ ጀመረ። ሆስፒታሉ ቢል የሚጽፍ ሰራዊት አለው፣ ኢንሹራንሱ ቢል የሚመልስ ሰራዊት አለው፣ ሁለቱንም የምንቀልበው እኛ። ይሄ ሰው ነው እንግዲህ "ካናዳ ወረፋ አለ" የሚለኝ!

አንዳንዴ ግን ቀልዱ ያልቅብኛል። ሰው ወለል ላይ እየተንፈራገጠ ዋጋ ያሰላል እንዴ? ነውር ነው። ነፃነት ብሎ መጥራቱ ደግሞ የባሰ ነውር።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናዬ። ወዳጃችን የእድራችን ገንዘብ ያዥም ነው። ሁሉም በየወሩ እኩል ያዋጣል፣ ሀዘን የደረሰበት ይወስዳል፣ እስካሁን ሬሳው ከኔትወርክ ውጪ ነው የተባለ የለም። ይሄስ ምንድነው ስለው "እሱማ ባህላችን ነው" አለኝ። በረካው ሳይወርድ ተነስቶ አጨበጨበ፣ ከሆስፒታል ለወጣ አንድ ወንድማችን በነፍስ ወከፍ 100 ዶላር በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያው)፣ ዲዳክቲብሉ 6 ሺህ ስለሆነ።

"ዛሬ ማታ ይግባ፣ ያዘገየ ይቀጣል።"