«ጫካ» ያላችሁት ግቢ የእናታችን ጓዳ ነው

ባለፈው እሁድ የሰፈራችን ልማት ኮሚቴ ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ፍኖተ ሰላም ዳር ያለን ነዋሪዎች ከቅዳሴ መልስ ተሰበሰብን። ውሳኔው አጭር ነው። እስከ እንቁጣጣሽ የሁሉም ሰው ግቢ ይመንጠር። የቁጥቋጦ አጥር ተነቅሎ በቆርቆሮ ወይም በብሎኬት ይተካ። ከበር እስከ ቤት ያለው መሬት ወይ ሲሚንቶ ይልበስ፣ ወይ የሚታጨድ ሣር ይተከልበት። ከዚያ አንዱ የኮሚቴ አባል ወደ እኔና ወደ ወንድሜ ዞረና እንዲህ አለ፦ «በተለይ የእናንተ ግቢ ጫካ ነው። ወባና እባብ እያራባችሁ ሰፈሩን አታሰድቡ።»

እናታችን እዚያው ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አንድም ቃል አልተነፈሰችም። እኔ ግን ዝም አልልም።

ከወባው ልጀምር። ወባ ቀልድ አይደለም። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በታች ናት፤ የወባ አገር ናት። በ1950 ክረምት በተነሳው ወረርሽኝ በአገሪቱ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ገደማ ሞቷል። ስለዚህ በወባ ስም የሚናገር ሰው ቢያንስ ትንኟ የት እንደምትራባ ይወቅ። የወባ ትንኝ እንቁላሏን ቅጠል ላይ አትጥልም። ውኃ ላይ ነው የምትጥለው። በእኛ አገር ዋነኛዋ የወባ ትንኝ የምትወደው ደግሞ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ጥልቀት የሌለው፣ ያቆረ ውኃ ነው። የመኪና ጎማ የሄደበት ቦይ። የከብት ኮቴ። የመንገድ ዳር ኩሬ።

እስቲ ዝናቡ ሲያባራ ወደ ሰፈራችን ኑና እዩ። ሲሚንቶ የለበሱት ግቢዎች ላይ የወረደው ዝናብ በየበራቸው ሥር ወጥቶ መንገዱ ላይ ይተኛል። ዛሬ ጠዋት ቆጥሬያለሁ። ከእኛ በር እስከ አስፋልቱ አምስት ኩሬ አለ። እኛ ግቢ የገባው ውኃ ግን እስከ ማታ መሬቱ ይጠጣዋል። ታዲያ ወባ የሚያራባው ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው ሌላዋ የወባ ትንኝ ደግሞ በርሜልና የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው የምትራባው። ክዳኑ የተሰበረ ሮቶ ግቢው ውስጥ ያቆመ ሰው ነው ስለ ወባ ሊያስተምረን የተነሳው። እባቡን በተመለከተ፣ በዚያ ግቢ ተወልጄ አድጌ አንድም ቀን እባብ አላየሁም። አለቀ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኮሚቴው ያ «ጫካ» ውስጥ ምን እንዳለ ገብቶ አላየም። ከአጥር ውጭ ቆሞ ነው የፈረደው። እኔ ልቁጠርለት። ከበሩ ስትገቡ በስተቀኝ ጌሾ አለ። ሰባት እግር ነው፤ አባታችን የተከለው። ከጌሾው ሥር ዳማከሴ አለ። ከዳማከሴው ጎን ጤና አዳም፣ ወደ ቧንቧው ጠጋ ብሎ ጠጅ ሣር። አጥሩ ግራዋና እንዶድ ነው። ጥጉ ላይ ብሳና ቆሟል፤ ብሳናው ላይ ሁለት ቀፎ ተሰቅሏል። ከጓሮ ማንጎ፣ ጎመን፣ ቃሪያ፣ ሁለት እግር ቡና አለ። ዶሮዎቹ መሀሉን ይጭራሉ። ቀጥ ያለ መስመር የለውም። ሁሉም በተስማማው ቦታ በቅሏል። እናታችን ግን እያንዳንዷን ቅጠል ታውቃታለች። በጨለማ እንኳ እጇን ዘርግታ አትስትም።

ይህን ግቢ የሚጠቀምበት የእኛ ቤተሰብ ብቻ ነው? አይደለም። ሲሚንቶ ካለበሱት ጎረቤቶቻችን አንዷ፣ ልጇን ምች ሲመታው ሌሊት በራችንን ታንኳኳለች። «እትዬ፣ ትንሽ ዳማከሴ» ትላለች። እናታችን በባትሪ ወጥታ ትቀነጥባለች። አሽታ፣ ጨምቃ፣ እንዴት እንደሚሰጠው አሳይታ ትሸኛታለች። አይብ ለሚሠራ ቤት ጤና አዳም ከእኛ ይሄዳል። ቡና ላይ ጣል የምትደረገዋም ከእኛ ናት። ጋን የሚታጠብበት ግራዋ ከእኛ ነው። በጥር ሠርግ ሲበዛ በሳምንት ሦስት አራት ቤት ለግራዋ ይመጣል። በሰኔ ማርያም ማኅበር የጠጣነው ጠላ ጌሾው ከየት የመጣ መሰላችሁ? ያ ማኅበር የተጠጣው ከኮሚቴው አባላት በአንዱ ቤት ነው። ጌሾ ገበያ ላይ በገንዘብ ነው። እናታችን ግን ለጎረቤት ጌሾ ሸጣ አታውቅም። «ቁረጡና ውሰዱ» ነው የምትለው።

ይህ ሁሉ ሲመነጠር ዳማከሴውን ከየት ልታመጡ ነው? ይህን የጠየቀ የኮሚቴ አባል የለም። ዳማከሴ ከቆርቆሮ ላይ አይቀነጠብም። አንዱ ግቢ ሲመነጠር የአንድ ቤት ነገር ይመስላል። የእኛ ሲመነጠር ግን ሃያ ቤት ነው ባዶውን የሚቀረው። ብዙዎቹ የራሳቸውን ነቅለው ከጨረሱ ቆይተዋል። ግቢያቸው ንጹሕ ሆኖ የቆየው የሚያስፈልጋቸው ነገር እኛ ዘንድ ስላለ ነው።

እንዶዷንም «አረም» ብለዋታል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ምን አዩ? ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። እንዶድ ብልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ዓለም ያወቀው ከዚያ ተነስቶ ነው። ዶክተር አክሊሉ በዚያ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ያ እውቀት ከሚታጨድ ሣር አልወጣም። ከእናቶች አጥርና ከእናቶች እጅ ነው የወጣው። አረም የሚላት ሰው ይህን ሳያውቅ ነው የሚነቅላት።

ሌላም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ «የሌማት ትሩፋት» ሲባል እንሰማለን። እንቁላል፣ ዶሮ፣ ወተት፣ ማር በየቤታችሁ አምርቱ ተብለናል። መልካም። እኛ ግቢ ዶሮ አለ፣ ማር አለ። ያንን ጥሪ በስብሰባ ሲደጋግሙልን የነበሩት ሰዎች ናቸው አሁን የዶሮ ጭረት ገጽታ ያበላሻል የሚሉን። ዶሮ ሲሚንቶ ላይ ምን ትጭራለች? ንብ ከቆርቆሮ ምን ትቀስማለች? በእኛ አገር ንብ በመስከረም አደይን፣ በበጋ ግራዋን፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ብሳናን ይዛ ነው የምትከርመው። ግራዋና ብሳና ተመንጥረው ካለቁ የጎጃም ማር የሚባለው ነገር ስሙ ብቻ ይቀራል።

ደግሞስ ንጽሕና ማለት ባዶ መሬት ነው ያለው ማን ነው? ጎጃም ውስጥ ከሩቅ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ያየ መንገደኛ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ያውቃል። ፊቱን አማትቦ፣ ተሳልሞ ያልፋል። ጽዱና ወይራው በመስመር አልተተከሉም። ዘጌ ላይ ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ገዳማቱም በዚያው ደን መሀል ናቸው። ያንን ደን ቆሻሻ ያለው ሰው አልሰማሁም። እኛ ከዛፍ ሥር አስቀድሰን በወጣንበት ሰዓት ነው ዛፍ ያለበት ግቢ ሰፈር ያሰድባል የተባልነው።

ጥፋት የለብንም አልልም። አጥራችን በመንገዱ በኩል አዘንብሏል። የወንድሜ ብሎኬት በሩ አጠገብ ተቆልሎ አራት ዓመት ሆኖታል። የሲሚንቶ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቁታላችሁ። ቢሆንም የሰፈር ልጆች እላዩ ላይ ይወጣሉ፤ ቢናድ ይጎዳቸዋል። ሁለቱንም ከመስቀል በፊት እናስተካክላለን። ከዚያ ያለፈ ግን አንዲት ቅጠል አንነቅልም። ጎረቤቶቻችን ጽጌረዳ ተክለዋል፤ ያምራል፤ ይባርክላቸው። እኛ ጽጌረዳችሁን ንቀሉና ጌሾ ትከሉ ብለን አናውቅም።

ሰኞ ጠዋት ከቤት ስወጣ እናታችንን ዳማከሴው ዘንድ አገኘኋት። ማጭድ ይዛ ጎንበስ ብላለች። ግማሹን አጭዳዋለች። «ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት። ቀና አላለችም። «ልጄ፣ በስተርጅና ሰፈር አሰደብኩ መባል አልችልም» አለችኝ። ይህችን ሴት ነው ኮሚቴው በሰው ፊት ያሳፈራት። ሌሊት በባትሪ የምትወጣውን፣ ጌሾ በነጻ የምታስቆርጠውን።

ማጭዱን ከእጇ ተቀብዬ ቆጡ ላይ ሰቀልኩት። የታጨደውን ዳማከሴ ሰብስበን ጥላ ላይ አሰጣነው። ሥሩ አልተነካም፤ ዝናብ አለ፤ እስከ እንቁጣጣሽ መልሶ ያቆጠቁጣል።