ሥዕል ወደ ኮሚናል ይምጣ

ስለ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ሥራ የሚወጣ ዜና ብዙውን ጊዜ «ከወዳደቁ ነገሮች» ብሎ ይጀምራል። ውሸት የለበትም። ኤልያስ ከመርካቶ የሚሰበስበው የተጣለ ሰርኪት ቦርድ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር ኪቦርድ ነው። የሚከነክነኝ ወሬው እዚያው ላይ ማለቁ ነው። ቆሻሻ ራሱ ያምራል የተባለ ይመስላል።

ቆሻሻ አያምርም። የአዲስ አበባው ቆሻሻ መጣያ፣ ቆሼ አካባቢ የኖረን ሰው ጠይቁት። በ2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ገድሏል።

ኤልያስ የሠራውን ግን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ከሩቅ ሲታይ ከአውሮፕላን ላይ የታየ ማሳ ነው የሚመስለው። ቀረብ ስትሉ ማሳው ሽቦ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ተጎንጉኖ፣ ረድፍ በረድፍ እንጨት ላይ በምስማር ተመትቷል። ቀለሙ ሽቦው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ነው። ስለዚህ ቀይ የፈለገ ሰው ቀይ ሽቦ እስኪጠራቀምለት መጠበቅ አለበት። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ትዕግሥት ነው። መምረጥ፣ መለየት፣ መጎንጎን፣ እንደገና መፍታት።

እንዲህ ማየት የለመደ ሰው ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ሲወጣ ብዙ ነገር ያጋጥመዋል። ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ጀበና ቡና የሚፈላባት አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለች። በሯ ላይ የቆርኪ መጋረጃ ተሰቅሏል። እያንዳንዱ ቆርኪ ለሁለት ታጥፎ ሲባጎውን ነክሷል። የቢራው ለብቻ፣ የለስላሳው ለብቻ፣ ደግሞ አንድ መስመር ብርቱካንማ ብቻ። ሰው በገባ ቁጥር ይንሿሿል። ለዝንብ ነው የተሰቀለው። ለዝንብ ብቻ ከሆነ ግን ቀለም መምረጡን ምን አመጣው?

ጋና ተወልዶ ናይጄሪያ የሠራው ኤል አናትሱይ የመጠጥ ጠርሙስ ክዳን በመዳብ ሽቦ እያያያዘ ግድግዳ የሚሸፍን ሥራ ይሠራል። የዓለም ትልልቅ ሙዚየሞች ሰቅለውታል። የቱሉ ዲምቱዋ መጋረጃ ከሱ እኩል ናት ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ብል ሠዓሊዎቹ ይስቁብኛል። ዝምድናቸው ግን አይካድም።

ጭቃም እንደዚሁ። ኤልያስና መስከረም አሰግድ መካኒሳ ላይ የሠሩት ዞማ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም. ሲከፈት ብዙ ሰው ያስገረመው ግድግዳው ነበር። ጭቃና ጭድ፣ ላዩ ላይ በእጅ የወጣ ጌጥ። ከፍለን ገብተን አጠገቡ ፎቶ እንነሣለን። ከዚያ ሰፈራችን ተመልሰን የጎረቤትን ጭቃ ቤት እናሽሟጥጣለን። የቤቱ ባለቤት ግድግዳውን በሲሚንቶ ቢለስን አልፈርድበትም። ክረምት ሲመጣ ምርጊቱ የሚረግፈው በሱ ላይ ነው።

ታዲያ ሥዕል የሚታየው የት ነው? ስድስት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ቦሌ። ከኮዬ ፈጬ ተነሥቶ፣ የታክሲ ሰልፍ ይዞ፣ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀያይሮ ኤግዚቢሽን የሚሄድ ስንት ሰው አለ? በየኮንዶሚኒየሙ ደግሞ ኮሚናል የሚባል የነዋሪው የጋራ ቤት አለ። ድንኳንና ወንበር ይታጨቅበታል፣ በዓል ሲደርስ በግ ይታረድበታል። ለአንድ ሳምንት ጠርገው ቢሰጡን ምን ይጎድላል? ጋለሪዎች አምስት ስድስት ሥራ ይዘው ይምጡ፤ የሰፈሩ በያጅም በር ላይ የሚያወጣውን አበባ አምጥቶ አብሮ ያቁም። መግቢያው በነፃ ይሁን። መክፈቻው እሑድ ከዕድር ስብሰባ በኋላ ቢሆን ደግሞ ሰው ሞልቶ ይገኛል፤ ቀሪ ይቀጣላ!