ማስተካከያ፦ የግል ዳታ ጥበቃ ሕግ አለን

ባለፈው ሳምንት ለጅማ አንባቢዎች በጻፍኩት ጽሑፍ፣ በኢትዮጵያ የግል መረጃን የሚጠብቅ ሕግ እንደሌለ ገልጬ ነበር። ተሳስቻለሁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣም ወጥቷል። እርማቱን የወሰድኩት ከአዋጁ ነው። ከዚያም በፊት ቢሆን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ደንግጓል።

ስህተቱ ያለ ጉዳት አላለፈም። አንዲት የሄርማታ ነዋሪ የመታወቂያዋ ፎቶ ያለ ፈቃዷ በቴሌግራም ተለጥፎባት፣ ጽሑፌን አንብባ አቤቱታዋን ተወችው። "ሕግ ከሌለ ማንን ልክሰስ?" አለችኝ። እንደ እርሷ ያሰበ ሌላም ሰው ሊኖር ይችላል።

በአዋጁ መሠረት ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየት፣ የማሳረምና በተወሰኑ ሁኔታዎች የማስጠፋት መብት አለው። መረጃ ያፈተለከበት ድርጅት በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው አካል ማሳወቅ አለበት። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ አቤቱታም የሚቀርበው እዚያ ነው።

የቀድሞውን ጽሑፍ ያጋራችሁ፣ እባካችሁ ይህንንም አያይዙበት።