እርማት፦ ለአዛውንት አጥሚትና መረቅ ብቻ አይበቃም

«ሰው ሲያረጅ ምግብ መቀነስ አለበት፤ እንቁላልና ሥጋ ይከብደዋል፣ አጥሚትና መረቅ ይበቃዋል» ብለው ለጻፉት፦ በዕድሜ የኃይል ፍላጎት መቀነሱ እውነት ነው። የፕሮቲን ፍላጎት ግን አይቀንስም፤ እንዲያውም ይጨምራል፣ ያረጀ ጡንቻ ከሚበላው ፕሮቲን ራሱን የመገንባት አቅሙ ስለሚዳከም። ለጤነኛ ጎልማሳ በቀን በኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ሲመከር፣ ከ65 ዓመት በላይ ላሉ ብዙ ባለሙያዎች ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም ይመክራሉ። 60 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት ከ60 እስከ 72 ግራም መሆኑ ነው።

አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ገደማ ይሰጣል። መረቅስ? አብዛኛው ፕሮቲን የሚቀረው ሥጋው ውስጥ ነው። መረቁን ለአያት፣ ሥጋውን ለልጆች የሚለው የቤታችን ክፍፍል (በፍቅር ቢሆንም) አያትን ይጎዳል። ጥርስ ካስቸገረ ሥጋውን አድቅቆ ከትፎ በደንብ ማብሰል፣ አጥሚቱን በውኃ ፋንታ በወተት መሥራት ይቻላል። በጾም ወፈር ያለ ሽሮ፣ ምስርና ክክ አሉ። ፕሮቲኑ ለሦስቱም ማዕድ ይከፋፈል፤ ቁርስ ሻይና ዳቦ ብቻ ሲሆን ምሳና እራት ጉድለቱን ለመሙላት ይቸገራሉ።

ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ብዙ ጊዜ የሚያጡት ምግቡን ሳይሆን አብሯቸው የሚበላ ሰው ነው፤ ጎረቤት ተራ ገብቶ ምሳ አብሮ ቢቀርብ ይረዳል። ሳይታሰብ በ6 ወር ከክብደታቸው 5 በመቶ ከቀነሱ ግን «እርጅና ነው» ተብሎ አይታለፍ፣ ይመርመሩ። የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሐኪም ሳያማክሩ ፕሮቲን አይጨምሩ።